ቁንጫ፣ ከብትና የአፈር ወለል፦ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ

ክረምት ሲገባ በምዕራብ ጎጃም፣ በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬ ዙሪያና በወምበርማ ገጠር ቁንጫን የሚያህል እንቅልፍ ነሺ የለም። ልጆች ሌሊቱን ሲያኩ ያድራሉ፤ ጠዋት ቁርጭምጭሚታቸውና ወገባቸው በቀያይ ነጠብጣብ ተሞልቶ ይገኛል። ጥጃው ጠጉሩ ይቆማል፣ ግልገሉ ይከሳል፣ ውሻው ጭራው ሥር ያለውን ቆዳ እስኪመለጥ ድረስ ይነክሰዋል። አባወራው ገበያ ወጥቶ አንድ ነገር ይገዛና ይረጫል፤ ለጥቂት ቀን ሰላም ይሆናል። ብዙ ሳይቆይ ቁንጫው ተመልሶ ይመጣል። ያን ጊዜ «መድኃኒቱ የውሸት ነው» ይባላል፤ ወይም በሚቀጥለው መጠኑ ይጨመራል፤ ወይም ውሻው ከቤት ይባረራል።

ስለ ቁንጫ የሚባለውን፣ የሚደረገውንና በእርግጥ የሚሠራውን በአንድ ላይ አምጥቶ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በየቤቱ የሚደረገው ትግል የሚከሽፈው መርዝ ስላነሰው አይደለም። ሰው ቁንጫን የሚያሳድደው በእንስሳው ጀርባ ላይ ነው፤ ቁንጫ ግን አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ወለሉ ውስጥ ነው።

የምናየው ቁንጫ ደም የሚመጠውን አዋቂውን ብቻ ነው። በውሻና በድመት ላይ በብዛት የሚገኘው ዝርያ በሳይንሱ የድመት ቁንጫ ይባላል፤ ስሙ የድመት ይሁን እንጂ ውሻውንም፣ ጥጃውንም፣ ፍየሉንም፣ ሰውንም ይነክሳል። ሴቷ ደም በጠጣች በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እንቁላል መጣል ትጀምራለች፤ ሲመቻት በቀን ከ40 እስከ 50 ያህል ትጥላለች። እንቁላሉ ጠጉር ላይ አይጣበቅም። ድመቷ በሄደችበት፣ በተኛችበትና ራሷን ባራገፈችበት ሁሉ እየረገፈ ወለል ላይ ይቀራል። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከእንቁላሉ እግር የሌለው፣ ቀጭን፣ ነጣ ያለ እጭ ይወጣል። እጩ ሰው አይነክስም፤ የሚመገበው አዋቂዎቹ ቁንጫዎች የጣሉትን የደረቀ ደም ያለበት ኩስ ነው። ብርሃን ስለማይወድ ስንጥቅ ውስጥ፣ ከሰሌኑ ሥርና ከመደቡ ግርጌ ይሸሸጋል። ሲደርስ በራሱ ዙሪያ የሐር ክር ፈትሎ ይጠቀለላል፤ ክሩ ስለሚያጣብቅ አቧራና አሸዋ ይለብስና ከአፈሩ አይለይም። በተለምዶ የሚጠቀሰው ግምት ቁንጫ በገባበት ቤት ካለው ሁሉ ውስጥ አዋቂው ከ100 ወደ 5 ገደማ ብቻ ነው ይላል። የቀረው እንቁላል፣ እጭና በሽፋን ውስጥ ያለ ነው።

ይህን ማየት የሚፈልግ ሰው ድመቷ ከምትተኛበት ከምድጃው አጠገብ ወይም ከመደቡ ሥር አንድ እፍኝ አቧራ ዘግኖ ነጭ ጨርቅ ላይ ይበትነውና ፀሐይ ላይ አውጥቶ ይመልከት። ከነጭ ጤፍ ፍሬ ያነሱ እንቁላሎች፣ ከብርሃኑ ለመሸሽ የሚውረገረጉ እጮችና ጥቃቅን ጥቁር ፍርፋሪዎች ያገኛል። ጥቁሮቹ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ቢያደርግ ጨርቁ ቀይ ይሆናል፤ ቁንጫው የጠጣው ደም ነውና። ውሻ ወይም ድመት ቁንጫ እንዳለበት ማረጋገጥም እንዲሁ ቀላል ነው። ጠጉሩን ነጭ ጨርቅ ላይ በማበጠሪያ አራግፎ የወረደውን ጥቁር ነገር ማርጠብ ይበቃል።

እጭ እርጥበት ይወዳል። አየሩ በጣም ሲደርቅ ይሞታል፤ ፀሐይ በቀጥታ ከመታችውም አይተርፍም። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ሙቀት ደግሞ ይስማማዋል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት። ዝናቡ ከወረደ በኋላ ከብት፣ ሰውና እሳት በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት ውስጥ ሙቀቱም እርጥበቱም ሌሊትና ቀን አይጎድልም። ለበዓልና ለቡና የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ቀናት ሲቆይ ሥሩን ያረጥባል፤ ለእጩ መጠለያ ይሆናል። ቄጠማ መጎዝጎዝ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ በማግስቱ ተጠርጎ ይውጣ ነው የምለው።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት ሌላም ነገር አለ። በሽፋኑ ውስጥ ያለው ቁንጫ ደም የሚያገኝበት እንስሳ ወይም ሰው እስኪመጣ ድረስ ሳይወጣ ለወራት መቆየት ይችላል። የሚቀሰቅሰው የእግር ንዝረት፣ የሰውነት ሙቀትና ከትንፋሽ የሚወጣው አየር ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ክረምቱን አገር ቤት ከርመው መስከረም ላይ በሩን ሲከፍቱ ቁንጫ በእግራቸው ላይ የሚርከፈከፈው ለዚህ ነው። ባዶ ቤት ቁንጫ ከየት አመጣ ይላሉ። ቀድሞውኑ እዚያው ነበር፤ የሚነሳበትን ምክንያት ነው ያገኘው። ውሻውን ማባረር መፍትሔ የማይሆነውም በዚሁ ነው፤ ወለሉ ውስጥ የቀረው ቁንጫ ውሻውን ሲያጣ ወደ ሰው ይዞራል። ጅብ ባለበት አገር ደግሞ ውሻ አልባ ግቢ በጉንም ጥጃውንም ለአደጋ ይጥላል።

ስለ በሽታው የሚወራው ነገር ትክክሉና ስህተቱ የተቀላቀለ ነው። በየመንደሩ ቁንጫ ተስቦ ያመጣል ይባላል። በወረርሽኝ መልክ የሚመጣው ታይፈስም ሆነ እያገረሸ የሚመለሰው ትኩሳት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፉት በልብስ ቅማል ነው። የአይጥ ቁንጫ የሚያስተላልፈው የታይፈስ ዓይነት ግን አለ፤ ስለዚህ ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በማዕከላዊ ኦሮሚያ ከውሾችና ከድመቶች በተለቀሙ ቁንጫዎች ውስጥ ሪኬትሲያ ፌሊስና ባርቶኔላ ሄንሴሌ የተባሉ፣ ሰውን የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎች እንዳሉ አሳይቷል። ከውሻ ጋር የሚጫወት ሕፃን በድንገት ቁንጫ ከዋጠ ዲፒሊዲየም የተባለ የአንጀት ትል ሊይዘው ይችላል። የዕለት ተዕለቱ ጉዳት ግን ከነዚህ ሁሉ የቀረበ ነው። ልጁ ያከከው ቦታ ይቆስላል፣ ይመረቅዛል፤ እንቅልፍ ያጣ ተማሪ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ ትንንሽ ቡችሎች፣ ግልገሎችና ጥጃዎች ደም አንሷቸው ይሞታሉ። ሙጃሌም የቁንጫ ወገን ነው። እሱ ግን እግር ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ስለሆነ መከላከያው ጫማና የተደለደለ ወለል ነው፤ ሰፊ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ወደ መፍትሔዎቹ እንምጣ። እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ከሚታሰበው በላይ ትክክለኛ መሠረት አለው። ወለሉን በእበት መለቅለቅ ስንጥቁን ይደፍናል፣ አቧራውን ያስራል፣ እጩ የሚሸሸግበትን ያሳጣል። የሚሠራው ግን ውሃ ረጨት ተደርጎ ከተጠረገ፣ በደንብ ከደረቀና ስንጥቅ በታየ ቁጥር ከተደገመ ነው። ተለቅልቆ የተረሳ ወለል ሲፈራርስ ከመጀመሪያው የባሰ አቧራ ይሆናል። የተጠረገው ጥራጊም ደጃፍ ላይ ከተደፋ በውሻው ጠጉር ተመልሶ ይገባል፤ እሳት ውስጥ መጨመር ወይም ራቅ አድርጎ መቅበር ነው። ቁርበቱን፣ አጎዛውን፣ ሰሌኑን፣ ጋቢውን ፀሐይ ላይ ማስጣት ሳይንሱ ከሚመክረው ጋር አንድ ነው፤ ልብሱን በፍል ውሃ ማጠብ ሲጨመርበት ደግሞ እንቁላሉም እጩም ያልቃል። ብዙ ቤት ይህን የሚያደርገው ለዘመን መለወጫና ለፋሲካ ነው። ሥራው ጥሩ ሆኖ ሳለ በዓመት ሁለቴ ብቻ መደረጉ ነው ጉድለቱ።

ጭስ ላይ ያለኝ ግምት ዝቅ ያለ ነው። ወይራ፣ ጥንጁት፣ ቀበርቾ የታጠነ ቤት ደስ ይላል፤ ጭሱም የሚበር ነፍሳትን ለጊዜው ያርቃል። አፈር ለብሶ የተጠቀለለው ቁንጫ ዘንድ ግን አይደርስም። የግራዋና የባሕር ዛፍ ቅጠል መጎዝጎዝም እንዲሁ ለአንድ ሌሊት ፋታ ሊሰጥ ይችላል፤ ቅጠሉ ሰንብቶ ከበሰበሰ ግን እርጥበት ይይዛል። እንዶድ ሌላ ነው። አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ የእንዶድ አረፋ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ካስተዋሉ ወዲህ በዓለም የታወቀው ይህ ፍሬ ልብስና ቁርበት ለማጠብ ዛሬም ይጠቅማል፤ ያጸዳልና። እጣቢውን ወንዝ ውስጥ መድፋት ግን ዓሣ ይፈጃል። አመድ በደረቅ ወቅት በስንጥቅና በማዕዘን ቢነሰነስ የእጩን ገላ ያደርቃል፤ ሲረጥብ ከንቱ ነው። ላምባ ወለል ላይ መርጨት ግን ጨርሶ ይቅር። ኩራዝና ምድጃ ባለበት ቤት፣ በሣር ክዳን ሥር፣ ቁንጫ ለማጥፋት ተብሎ ቤተሰብ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የሜዳና የጎተራ መርዝ ነው። ይህ አካባቢ የበቆሎና የበርበሬ አገር ነው፤ የነቀዝና የተባይ መድኃኒት የሌለበት ገበሬ ቤት ጥቂት ነው። ማላታዮን ዱቄት ለጎተራ ተገዝቶ መደብ ላይ ይነሰነሳል። ለሰብል የተገዛ ፈሳሽ በጆግ ተበጥብጦ በመጥረጊያ ቤት ውስጥ ይረጫል። ልጅ በዚያ ወለል ላይ ይድሃል፣ እጁን አፉ ውስጥ ያስገባል፤ እናት በዚያው መደብ ላይ ታጠባለች። ማላታዮንና ዳያዚኖን የሚገኙበት የመርዝ ወገን ነርቭን የሚያጠቃ ነው። ምራቅና እንባ መብዛት፣ ላብ፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የጡንቻ መንዘር ምልክቶቹ ናቸው። እንዲህ የሆነን ሰው ልብሱን አውልቆ ገላውን በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ከዚያም የመርዙን ዕቃ ይዞ ሳይዘገዩ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ወተት አጠጥቶ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ለነቀዝ ጎተራ ውስጥ የሚገባውን የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት ለቁንጫ መጠቀም ደግሞ ሞት መጥራት ነው። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ ለዚህ መርዝ ማርከሻ የለውም። ሆስፒታል ቅርብ መሆኑም ብዙ ጊዜ አያድንም። በአገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል፤ እያንዳንዱ መርዝ ለተመዘገበለት አገልግሎት ብቻ እንዲውል ነው ዓላማው። ሱቅ ላይ በላስቲክ ተቋጥሮ፣ ጽሑፍ ሳይለጠፍበት የሚሸጥ ነገር ምን እንደሆነ፣ በምን ያህል ውሃ እንደሚበጠበጥ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለም። እንዲህ ያለውን ማንም ወደ ቤቱ አያስገባ።

የወባ ርጭትም በቁንጫ ወሬ ውስጥ ገብቷል። ኢትዮጵያ ለቤት ውስጥ ርጭት እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ገደማ ዲዲቲን ስትጠቀም ቆይታ ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች ኬሚካሎች ዞራለች። ጃቢ ጠህናንና ቡሬ ወባ የሚያጠቃቸው ስለሆኑ ርጭቱን ሰው ያውቀዋል፤ ቁንጫውንም እንዲገድልለት ይጠብቃል። የሚረጨው ግን ትንኝ የምታርፍበት ግድግዳ ነው። ቁንጫው ወለል ላይ ነው። ቁንጫው ሳይጠፋ ሲቀር «ርጭቱ አይረባም» ብሎ በሚቀጥለው ዓመት በር መዝጋት ልጅን ለወባ አሳልፎ መስጠት ነው። እዚህ ላይ ለእናቶች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከርጭት በኋላ ወለሉን መለቅለቅ ይቻላል፤ ግድግዳውን መምረግ ግን መድኃኒቱን ይሸፍነዋል።

እንስሳቱስ? እነሱም መታከም አለባቸው፤ ሴቷ ቁንጫ የምትጠጣው ከእነሱ ነውና። በእንስሳት ክሊኒክ ዳያዚኖን በልኩ ተበጥብጦ ለበግ፣ ለፍየልና ለከብት ይረጫል። አይቨርሜክቲን መርፌ ለእከክና ለሆድ ትላትል ጥሩ ነው፤ ለቁንጫ ግን ደካማ ነው። መርፌ አስወግቻለሁ ብሎ መዘናጋት አይገባም። በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ላሉ ውሾችና ድመቶች ማጅራት ላይ የሚንጠባጠብ ፊፕሮኒልና የሚዋጥ ክኒን አለ። አቅሙ ላለው እነዚህ ከሁሉ የተሻሉ ናቸው፤ ለወር ወይም ከዚያ በላይ ይሠራሉና የሚወጣውን ቁንጫ ተራ በተራ ይጨርሱታል። ገጠር ላይ ውሻን በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ ማጠብ፣ አረፋውን መጀመሪያ አንገቱ ዙሪያ አድርጎ ወደ ጭራው መውረድ ብዙ ቁንጫ ያወጣል። ከአንገት የሚጀመረው ቁንጫው ወደ ፊትና ወደ ጆሮ እንዳይሸሽ ነው።

ድመት የተለየ ጥንቃቄ ትፈልጋለች። ፐርሜትሪን የተባለው፣ ለውሻ የማይከብደው መድኃኒት ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላል። ዳያዚኖንም ለእሷ አደገኛ ነው። ድመት ራሷን ስለምትልስ ጠጉሯ ላይ የወረደው ሁሉ ሆዷ ይገባል፤ በተነሰነሰ መርዝ ላይ የተኛች ድመት እግሯን ልሳ ትሞታለች። ድመት ስትሞት ደግሞ ጎታውን አይጥ ይወርሰዋል፤ አይጥም የራሱን ቁንጫ ይዞ ይመጣል። የቁንጫ መርዝ ሌላ ቁንጫ አስገባ ማለት ነው። ድመትን በጥርሰ ደቃቅ ማበጠሪያ ማበጠርና የወረደውን ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ መድፈቅ አሰልቺ ቢሆንም አስተማማኝ ነው።

ዘላቂው ነገር እንስሳው የሚያድርበትን ከሰው መኝታ መለየት ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ከነበሩት 16 ጥቅሎች ውስጥ የነፍሳትና የአይጥ ቁጥጥርንና የመኖሪያ ቤት ጤና አጠባበቅን ይዟል፤ ከብትና ሰው ተለይተው እንዲያድሩ ያልተመከረ ቤት ጥቂት ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ገበሬው ያልተቀበለው ግን ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሌባ አለ፣ ጅብ አለ፣ የበረት እንጨትና ቆርቆሮ ውድ ነው፤ ጥጃና ግልገል ብርድ ይገድላቸዋል። ለዚህ ሰው «ከብትህን አውጣ» ማለት ብቻ አይበቃውም። ከቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ በሩ ግን ወደ ውጭ የሆነ፣ በውስጥ በኩል ድምፅ የሚሰማበት ጋጣ መሥራት በብዙ ቤት ይቻላል። ዶሮዎቹንም ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ አውጥቶ ለብቻቸው ማሳደር ከዚህ ይረክሳል። ገንዘብ የተገኘ ዕለት ከቤቱ ሁሉ በፊት መኝታውን ሊሾ ማድረግ ይሻላል። ስንጥቅ የሌለው ሲሚንቶ ወለል ላይ እጭ መደበቂያ ያጣል፤ በመጥረጊያ ይወጣል። ምዕራብ ጎጃም በአፈር ምክንያት የሚመጣው የእግር እብጠት የበረታበት አገር ስለሆነ የወለሉ ጥቅም እጥፍ ነው።

እስከዚያው ያለ ብዙ ወጪ የሚቻለው የስድስት ሳምንት ሥራ ነው። ስድስት ሳምንት የምለው ዛሬ የተጣለው እንቁላል ነካሽ ቁንጫ እስኪሆን በሚስማማው ወቅት ሦስት አራት ሳምንት ስለሚወስድበትና በሽፋን የቆዩት እየዘገዩ ስለሚወጡ ነው። እንስሳቱን ማከም፣ መኝታውን ሁሉ አውጥቶ ማስጣትና ማጠብ፣ ወለሉን ከመደቡ ሥር ጀምሮ መጥረግና መለቅለቅ በአንድ ቀን ይደረግ። ዛሬ ውሻው፣ በሳምንቱ ወለሉ ከሆነ አንዱ ሌላውን እየሞላ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ልብስ ማስጣት፣ በየሁለት ቀኑ ውሃ ረጭቶ መጥረግ ነው። ማታ መሬት ላይ ዝርግ ሳህን አስቀምጦ ሳሙና ያለበት ውሃ መሙላትና ከበላዩ የሶላር መብራት ማብራት ቁንጫውን ይስበዋል፤ ዘሎ ይወድቅና ይሰምጣል። ይህ ቁንጫን አይጨርስም፤ ጠዋት ሳህኑ ውስጥ ያለውን በመቁጠር ግን ሥራው እየያዘ መሆኑ ይታወቃል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሩ ከፍ ቢል ተስፋ አይቆረጥ፤ በሽፋን የነበረው እየወጣ ነው። ብዙ ቤት ትግሉን የሚተወው በእነዚህ ሳምንታት ላይ ነው።

ቁንጫ በሁለት መሥሪያ ቤት መካከል የወደቀ ጉዳይ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ በጉን ያክማል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስለ ልጁ ትመክራለች፤ ወለሉ ማንም አይጠይቀውም። የጃቢ ጠህናን፣ የቡሬ ዙሪያና የወምበርማ ወረዳ ጤናና እንስሳት ጽሕፈት ቤቶች ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይከብድ፣ በየጎጡ አንድ ሳምንት ለይተው አብረው ቢወጡ፣ እንስሳቱ በታከሙበት ሳምንት የየቤቱ ወለልም ቢለቀለቅ፣ መርዝ ሻጩም ፈቃድና ጽሑፍ ቢጠየቅ አዲስ በጀት ሳይጠይቅ የሚሠራ ሥራ ነው። እስኪመጡ ድረስ ደግሞ አንባቢዬ፣ ዛሬ ማታ ከመደብዎ ሥር አንድ እፍኝ አቧራ ዘግነው ነጭ ጨርቅ ላይ ይዩ፤ የጎተራውንም መርዝ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ቆልፈው ያስቀምጡ።